ሰባተኛው ጣቢያ

ሰው እህል ትቶ ቁጥር እያኘከ እስከ መቼ ይኖራል? ወይዘሮ ዘነበች የፉል ሳህን ይዘው በረንዳው በር ላይ እንደ ቆሙ ይህን ራሳቸውን ጠየቁ። ባላቸው ወልደ ማርያም ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው፣ አፍንጫቸው መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ በጠመኔ ያካፍላሉ። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ የከዚራ ሰፈርን ቆርቆሮ ማንጫጫት ጀምሯል። የትናንት ማታው ሩዝ እንደ ቀረበ አድሯል፤ የዛሬው ፉል ደግሞ እጃቸው ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

"ወልዴ፣ ሁለት ጉርሻ ብቻ። የግፊቱ ኪኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም ተብለሃል።"

"አትርገጪው!"

"ምኑን?"

"አምስተኛውን ጣቢያ! ረገጥሽው እኮ!"

ዘነበች እግራቸውን አነሡ። የነጠላ ጫማቸው ሶል በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

"እንግዲህ በገዛ ቤቴ በአየር ልሂድ?"

ወልደ ማርያም አልሳቁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። በመዳፋቸው የተረገጠውን አጥፍተው እንደገና ጻፉት፤ ዓይናቸው ሞራ ስለ ጋረደው ቁጥሮቹን እንደ ልጅ ጽሕፈት ትልልቅ ያደርጓቸዋል፤ አንዷ ማካፈል ብቻዋን ግማሽ በረንዳ ትይዛለች።

ነገሩ የድሮ ነው። ወልደ ማርያም የጣቢያ ጸሐፊ፣ ጓደኛቸው ጦልሃ ፉርጎ አያያዥ በነበሩበት ዘመን፣ ጦልሃ ከአንድ ግሪክ የጋራዥ አለቃ ሰማሁት ብለው ያመጡት እንቆቅልሽ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ ይሰለፋሉ። ባቡሩ በየጣቢያው አንድ ፉርጎ እየቀጠለ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ የተቀጠሉት ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ለሁለት ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው፤ ሦስተኛው ላይ ሦስቱ ለሦስት፤ አራተኛው ላይ አራቱ ለአራት፤ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ። ቀሪ ከተረፈ ባቡሩ እዚያው ቆመ ማለት ነው። ቁጥር አንድ ራሱ ሎኮሞቲቩ ነው፤ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከፊት ነው። ይህንን ለባቡር ሰው ማስረዳት ነውር ነው።

በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ሰዎች ጸጉራቸው ሸበተ። እውነተኛው ባቡርም ሥራ አቆመ፣ እነሱም ጡረታ ወጡ፣ እንቆቅልሹ ግን ቀጠለ። ጦልሃ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡና ከግቢው በር ሆነው "ባቡሩ ገባ ወይ?" ብለው ይጮኻሉ። ወልደ ማርያም ከውስጥ "ሰባተኛው ጣቢያ ላይ ቆሟል!" ይላሉ። ሁልጊዜ ሰባተኛው ነው። ሰባተኛውን ሊያስተካክሉ ሲሉ ስድስተኛው ይበላሻል። ከዚያ ተቀምጠው እየተሰዳደቡ ሙሽበኩን ይጨርሱታል።

አሁን ጦልሃ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ባለው ቤታቸው ተኝተዋል። ኩላሊታቸው ነው። ሐኪሞቹ "ቤቱ ይሁን፣ ከቤተሰቡ ጋር" ብለው ሸኝተዋቸዋል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ወልደ ማርያም ድልድዩን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሻገሩም።

ዛሬ ጠዋት የጦልሃ ልጅ ሐናን ደውላ ነበር።

"እማማ ዘነቡ፣ አባባ ወልዴ ምን ሆኑ? እሳቸውም ታመሙ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው የኔ ልጅ። አባትሽ እንዴት አደረ?"

"አልሐምዱሊላህ። ሌሊቱን ሲቃዥ ነው ያደረው። ሲነቃ 'ባቡሩ ገባ ወይ?' ይለኛል፤ እኔ ምን ልበለው? ቅድም ደግሞ ምን አለ መሰልዎት፣ 'ወላሂ ባቡሩ ይቅር፣ ሰውየው ይምጣ በይልኝ' አለ።"

ዘነበች ቃሉን አንድም ሳይቀንሱ ለባላቸው አደረሱ። ወልደ ማርያም ጠመኔውን በጣታቸው መካከል እያሻሹ ቆዩና፣

"የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም" አሉ።

"ብርቱካን እንያዛ! ሙዝ እንያዝ!"

"ብርቱካን ምን ያደርግለታል? ውሃ እንኳ በማንኪያ ነው የሚሰጡት።" ወልደ ማርያም ይህንን ከማን እንደ ሰሙት አልተናገሩም። "እኔ ለጦልሃ የምይዝለት ይቺን ነው። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ዘነበች ከዚያ በኋላ ነው የተጨነቁት። እሳቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ማካፈል ያውቃሉ፤ ሰው ሲፈራ ደግሞ ከማካፈልም በላይ ያውቃሉ። ባላቸው ቁጥር የሚፈልጉ አልመሰላቸውም። የተኛውን ሰው ፊት ላለማየት ከቁጥር ኋላ የተሸሸጉ መሰላቸው። ጦልሃ እስላም ናቸው፤ አንድ ነገር ቢሆኑ አፈር ለመልበስ ነገን አይጠብቁም። ወልዴ ደግሞ ጠመኔውን እንደ ያዘ ይቀራል።

ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። የልጅ ልጃቸው ፍቅርአዲስ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቷ አዙራ ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አባቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ እዚሁ እነሱ ዘንድ አድጋ፣ አሁን እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች።

"አንቺ፣ ያ ማሽንሽ ሒሳብ ይችላል?"

"እማማ! ሌላ ምን ይችላል ብለሽ ነው?"

"እኔማ ፊልም ሲያሳይሽ ነው የማየው።"

ፍቅርአዲስ ሳቀች። ዘነበች አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የባቡሩን ሕግ ከሎኮሞቲቩ ጀምረው አስረዷት። ልጅቷ እየሰማች ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

"ይሄን ነው እንዴ አባባ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው? እኔ የጡረታ ሒሳቡን የሚያሰላ ነበር የሚመስለኝ። ለምን አልጠየቀኝም?"

"ብትጠጊው በጠመኔ ይወግርሽ ነበር። ሰው እንዲነካበት አይፈልግም፤ ከጦልሃ በቀር። አሁን ግን ጊዜ የለውም። መልሱን ብቻ አውጪልኝ፣ እኔ በዘዴ አደርስለታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"በሕልሜ አየሁት እላለሁ። ምን አገባሽ፣ አንቺ ጻፊ!"

ፍቅርአዲስ ጻፈች። ዘነበች ብዙ ይሆናል ብለው ነበር የጠበቁት፤ የጻፈችው ግን ከአንዲት የውዳሴ ማርያም አንቀጽ አይረዝምም። በጣቷ እየጠቆመች አሳየቻቸው፤ ይቺ መስመር ቁጥሮቹን በየተራ ታሰልፋለች፤ ይቺ በየጣቢያው ታካፍላለች፤ ይቺ ቀሪ የተረፈበትን ትጥላለች፤ ይቺ የመጀመሪያዋ ደግሞ አንድን ከፊት ታቆማለች።

"ሎኮሞቲቩን" አሉ ዘነበች።

"ሎኮሞቲቩን። በቃ፣ ይኸው።" አንዲት ቁልፍ ነካች።

ዘነበች ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ምንም አልወጣም።

"እያሰበ ነው?"

"ጨርሷል።"

"ታዲያ የታለ?"

ፍቅርአዲስ ግንባሯን አኮማተረች። "ተሳስቼ ይሆናል ቆይ።" መስመሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ባቡሩን አሳጠረችው፤ እስከ ስድስት ብቻ አደረገችው። ወዲያው አንድ ሁለት ሦስት ስድስት አምስት አራት የሚል ቁጥር ወጣ። ዘነበች በጣታቸው አየሩ ላይ አካፈሉት፤ ለስድስትም ልክ ገባ። ትንሿ ባቡር በደህና ደርሳለች። ፍቅርአዲስ ወደ ዘጠኝ መለሰችውና ቁልፏን ነካች። ባዶ።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ። "የለም።"

"ምኑ?"

"መልሱ። ሁሉንም አሰልፎ አይቶታል። ብዙዎቹ ሰባተኛው ላይ ይቆማሉ፤ ሰባተኛውን ያመለጠ ስምንተኛው ላይ ይወድቃል። አንድ ከፊት ከሆነ አንድም የሚገባ የለም።"

"ከፊት ካልሆነስ?"

ልጅቷ የመጀመሪያዋን መስመር አጠፋቻት። ቁልፏን ስትነካ አንድ ቁጥር፣ አንድ ብቻ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ፤ ሦስት ስምንት አንድ ስድስት አምስት አራት ሰባት ሁለት ዘጠኝ።

"ሎኮሞቲቭ ሦስተኛ ላይ?" አሉ ዘነበች። "ፉርጎ ነው ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው?"

"ቁጥሩ ሎኮሞቲቭ አያውቅም እማማ። ግሪኩም እንደዚያ ያለ አይመስለኝም። ባቡር ያደረጉት እነሱ ናቸው። አንድን ከፊት ያስቀደሙት እነሱ ናቸው።"

ዘነበች ጦልሃን አሰቧቸው፤ ከግሪኩ የሰሙትን ቁጥር ባቡር ያደረጉ ፉርጎ አያያዥ። ዘጠኝ ነገር ተራ ይዞ ሲቆም ካዩ ሎኮሞቲቩ የት ነው ብለው ነው የሚጠይቁት። ወልዴም አንድ ቀን እንኳ 'ለምን ከፊት?' አላለም። ማን የባቡር ሰው ይላል? ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን መድረሻ የሌለው ባቡር ሲቀጣጥሉ ኖሩ።

ፍቅርአዲስ ተነሣች። "ልንገረው።"

"ተቀመጪ!"

"ሲያውቅ ይሄዳል እኮ። የሚጠብቀው ነገር ከሌለ በምን ይሸሸጋል? ባጃጅ እጠራለሁ፣ አሁኑኑ ይዤው እሄዳለሁ።"

"ያምሻል እንዴ አንቺ? ግፊቱ ስንት እንደሆነ አታውቂም? ባቡሩ ሥራ ያቆመ ጊዜ አያትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚውለው። ከዚያ ግድግዳ ያስነሣው ይሄ ጠመኔ ነው። ከንቱ ነበር በይውና እይው!"

"ጦልሃስ?"

"ነገ ጁምዓ ነው። ከጁምዓ በኋላ እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ጎትቼም ቢሆን። መንገድ ላይ አለሳልሼ እነግረዋለሁ።"

"እማማ፣ አባባ ጦልሃ ነገን የሚጠብቁ ይመስልሻል?"

"አፍሽን ሰብስቢ! ምን ዓይነት ምላስ ነው!" ዘነበች ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን ልጅቷ ያለችውን እሳቸውም ስላሰቡት ነው። "ማርያምን በይ። አልናገርም በይ።"

ፍቅርአዲስ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። ከዚያ "ማርያምን" አለችና ላፕቶፕዋን ከደነችው።

ቀኑ ገፋ። መንገዱ በሙቀቱ ጭር አለ። ዘነበች ሎሚ ጨምቀው አቀረቡ፣ ኪኒኑን አስዋጡ፣ ትራስ አምጥተው ከባላቸው ጉልበት ሥር አደረጉ። ሲሄዱም ሲመጡም ዓይናቸው ጠመኔው ላይ ነው። ትናንት ያን ጽሑፍ ሲያዩ ይናደዱ ነበር። ዛሬ እያንዳንዷ ቁጥር ልባቸውን ትወጋዋለች።

ወልደ ማርያም ድንገት ጮኹ።

"ዘነቡ! አለፈ! ሰባተኛውን አለፈ!"

ዘነበች ከወጥ ቤት እጃቸውን ሳያደርቁ ወጡ። ሽማግሌው ከተንበረከኩበት ቀና ብለዋል፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ጠመኔ ለብሷል፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

"ነይ ስምንተኛውን እዪልኝ። ዓይኔ ደከመ። አንድ አራት ሰባት፣ ሁለት አምስት ስምንት፣ ሦስት ስድስት። ለስምንት።"

ዘነበች ተንበረከኩ። ጠመኔውን ተቀብለው ማካፈል ጀመሩ። መጨረሻው ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ ያም ሆኖ ተስፋ አደረጉ። ምናልባት ማሽኑ ቢሳሳትስ? ምናልባት ማሽኑ ሳያየው ያለፈ አንድ ባቡር ቢኖርስ? አንዱን ቁጥር አወረዱ፣ ቀጣዩን አወረዱ።

"ስንት ተረፈ?" አሉ ወልደ ማርያም። ትንፋሻቸው የዘነበች ጆሮ ሥር ነው።

"አራት።"

"አራት?"

"አራት ተረፈ ወልዴ።"

ያን ጊዜ መንገር ይችሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ባላቸው ጠመኔውን ከእጃቸው በቀስታ ወሰዱና፣ "ምንም አይደል" አሉ። "ቀርበናል። ጦልሃን 'ሰባተኛውን አለፍኩት' ብዬ ብነግረው ራሱ ከአልጋ ይነሣል። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ታዲያ እሱኑ ሄደህ ንገረዋ! አለፍኩት በለው!"

"ግማሽ መንገድ የደረሰ ባቡር ይዤ? አይሆንም። ነገ።"

ነገ የሚለው ቃል ከባላቸው አፍ ሲወጣ ዘነበችን ቀለል አላቸው። ይኸው፣ እሱም ነገ አለ። ነገ አብረው ይሄዳሉ። ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ፍቅርአዲስ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ሁሉንም ስታይ ነበር፤ ሲያልፉ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ስልኩ የጮኸው የዐስር ሶላት አዛን ሊል ሲል ነው። ሐናን አልነበረችም፤ ወንድሟ ሚክዳድ ነው። ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

"እማማ ዘነቡ" አለ ሚክዳድ። "አባታችን ወደ አላህ ሄደ። አሁን ነው። ከመግሪብ በፊት፣ ሳይመሽ እንቀብረዋለን። አባባ ወልዴ ሳይደርሱ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ዘነበች ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት። ፍቅርአዲስ ከፊታቸው አነበበችውና አፏን በእጇ ከደነች። ዘነበች በሁለት እጃቸው ነጠላቸውን እየጨመቁ ወደ በረንዳው ወጡ። እንዴት ብለው እንደሚናገሩ አላሰቡም፤ ማሰብም አላስፈለጋቸውም። ወልደ ማርያም ዓይናቸው ቢደክምም የሚስታቸውን አረማመድ ያውቁታል።

"ጦልሃ ነው?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"አሁን። ከመግሪብ በፊት ይቀብሩታል።"

ሽማግሌው አላለቀሱም። ከጉልበታቸው ወርደው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው። ሱሪያቸው ስንት ጣቢያ እንደ ጠረገ አላስተዋሉም። በመዳፋቸው ግንባራቸውን መምታት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው።

"እኔ ነኝ። የኔ ድንቁርና ነው።"

"ወልዴ፣ ተው።"

"ስንት ዓመት ተቀመጥኩበት! አንጎል ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ያገኘው ነበር። ጠዋት ባገኘው ጠዋት እሄድ ነበር። ሲጠራኝ እሄድ ነበር። አንዲት ቁጥር አጣሁና ሰውየውን አስጠበቅሁት። ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ ዘነቡ፤ አንቺም አየሽው፤ አራት ነው የተረፈው። አራት!"

ዘነበች ቆመው አዩዋቸው። ዝም ማለት ይቻላል። ልጅቷ ምላለች፤ ማሽኑ ተከድኗል፤ ማንም አያውቅም። ወልዴ ይህን ጸጸት ይዘው ይኖራሉ፤ የሞኝ ሰው ጸጸት፣ ትንሽ የቀረው ሰው ጸጸት። የሚስታቸውን እጅ ይዘው ወደ ቀብሩ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱም ይዘው ይመለሳሉ። የዘነበች ትዳርም እንደ ነበረ ይቀጥላል። የወልዴ መዳፍ ግን ግንባራቸውን መምታቱን አላቆመም።

ዘነበች ጎንበስ ብለው የባላቸውን እጅ ያዙ።

"አንተ አይደለህም" አሉ። "ትንሽ አልቀረህም ወልዴ። መልስ የለውም። አንድ ከፊት ከሆነ መልስ የለውም። ማንም ቢሆን አያገኘውም ነበር።"

ወልደ ማርያም ቀና አሉ።

"ልጅቷ በማሽኗ አየችው። ሁሉንም ቆጥሮ አንድም የለም አለ።" ዘነበች እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር፤ ግን ቀጠሉ። "ጠዋት ነው ያወቅነው። ፀሐይ ሳይከር። ልትነግርህ ስትነሣ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ባጃጅ ልጥራ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ነገ ያልኩት።"

አዛኑ ከመጋላ በኩል መጣ፤ ከአንዱ መስጊድ ሌላው እየተቀበለ። ወልደ ማርያም አዛኑ እስኪያልቅ ድረስ የሚስታቸውን ፊት አዩ፤ በዚያ ሞራ በጋረደው ዓይን ምን ያህሉን እንዳዩ አይታወቅም። ዘነበች ቁጣ ጠበቁ። ቢሰድቧቸው ደስ ባላቸው፤ ጠመኔ ቢወረውሩባቸው ደስ ባላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ከሚስታቸው እጅ አወጡ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ አንዱ ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ፍቅርአዲስ ቀድማ ወርዳ የግቢውን በር ከፈተችላቸው። ዘነበች ከዘራቸውን ከጥግ አንሥተው ዘረጉላቸው፤ "ድልድዩ ጋ ድንጋይ አለ፣ ኮሌታህ..." አሉና ቀሪው ጠፋቸው።

ወልደ ማርያም ከዘራውን አልተቀበሉም። በመዳፋቸው ግንቡን እየዳሰሱ ደረጃውን ወረዱ፣ በልጅቷ አጠገብ አለፉ፣ ከበሩ ወጥተው ወደ ድልድዩ ሄዱ።